አራት ሰዓት ተኩል የፈጀች ዶሮ

እማዬ፣

ናፍቆትሽ ከቁመቴ በልጧል፤ ያውም ቁመቴ ዘንድሮ እንዴት እንደተመዘዘ ብታዪ የዩኒፎርሜን ሱሪ የትንሿ እህቴ የቁንጫ ነው ብለሽ ትስቂብኝ ነበር። እንዴት ነሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ስታጎነብሺ ይይዝሻል? አክስቴስ? ጉልበቷ እንዴት ሆነ? ሰላም በይልኝ፤ ባለፈው የላከችልኝ ሹራብ ልክክ ብሎልኛል። እኛ ደህና ነን። አባዬ ደህና ነው። ትንሿ ልጅሽም ደህና ናት፤ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስታወራ ታፏጫለች፣ ስታፏጭ ደግሞ ታወራለች።

የቀረውን ሰላምታ በኋላ እመለስበታለሁ። አሁን ግን ይህን ካልነገርኩሽ ልፈነዳ ነው፦ በላን! ትናንት በዓሉን እንደ ሰው ዋልን። ዶሮዋን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ የሠራሁትም እኔ ነኝ፣ አባዬም ደገመ። ካላመንሽ ደግሜ ልጻፈው፤ አባዬ ደገመ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ስትደውዪ ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። «ለበዓሉ አትመጪም?» ስልሽ «ምን ልሠራ ልምጣ ልጄ? በዓሉን በዓል የምታደርግልን ልጅ የለችም» አልሽኝ። ከዚያ እዚያ ያለው ሆስፒታል ነርስ እንደሚፈልግ፣ ማመልከቻውንም ከበዓል በኋላ እንደምታስገቢ ነገርሽኝ። እኔም «እሺ» አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ምሳዬን ትቼ ጓሮ ወጣሁ። ስምንት ወር እንደ እንግዳ አክስቴ ዘንድ መቀመጥሽ አንድ ነገር ነው፤ እዚያ ሥራ መግባት ግን ሌላ ነው። ሥራ የገባ ሰው ተመልሶ አይመጣም።

ለአባዬ ልነግረው ሥራ ቤቱ ሄድኩ። ቁም ሣጥን እየሠራ ነበር፣ ጆሮው ላይ እርሳሱን ሰክቶ። ገና አፌን ስከፍት «በዓል ዘንድሮ በዚህ ቤት የለም። ዳቦና ሻይ ይበቃናል» አለና ወደ መላጊያው ተመለሰ። «ዶሮውን እኔ እሠራለሁ» አልኩት። ቀና እንኳ ሳይል «አንተ? እንቁላል ቀቅለህ ያሳረርክ ልጅ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ውሃው አልቆበት ድስቱም ተሰንጥቋል፤ ይህን አልነገርንሽም ነበር። ብቻ ያን ቀን ለራሴ ማልኩ። እናቴ የምታበስል የለም ብላ ከቀረች፣ የሚያበስል እንዳለ ላሳያት አልኩ።

ትልቋ ልጅሽ እቴቴ ዶሮ ልትገዛ ስትወጣ ሁልጊዜ የምትይዘው እኔን እንደነበር ታውቂያለሽ። አንቺ በዓል በመጣ ቁጥር ተረኛ ነሽ፣ አባዬ ሥራ ይበዛበታል፣ ስለዚህ ዶሮ ተሸካሚው እኔ ነበርኩ። የእርባታ ዶሮ አትወድም ነበር። «ይሄ ዶሮ አይደለም፤ ላባ የለበሰ ውሃ ነው» ትላለች። የምትፈልገው ሜዳ ላይ እየጫረች ያደገች ዶሮ ነው። አሁን አሁን ግን ነጋዴዎቹ የእርባታዋን አምጥተው አቧራ ላይ ያንከባልሉና «የሜዳ ናት» ይላሉ። እሷን ግን ማን ሊያታልላት! መጀመሪያ ምንቁሯን ታያለች፤ የእርባታዋ እርስ በርስ እንዳይነካከሱ ተብሎ ጫፉ ተቆርጦ ነው የምታድገው። ቀጥላ እግሯን ትገለብጣለች፤ ስትጭር የኖረች ዶሮ ጥፍሯ ደንዞ መርገጫዋ ሸካራ ይሆናል። «ላባ ይዋሻል፤ አንተ እግሯን እይ» ትለኝ ነበር። መጨረሻ ላይ ሻርፗን ፈትታ ወደ ላይ ትወረውራለች። ሰው ሁሉ ያያል፣ እኔ በሃፍረት መሬት እንድትውጠኝ እለምናለሁ። ግን ሚስጥሩ ይኸው ነው፦ ሜዳ ላይ ያደገች ዶሮ ከላይ ጥላ ሲያልፍባት ጭልፊት ይመስላትና ድፍት ትላለች። ጣሪያ ሥር ያደገችው ሰማይ ላይ ጠላት እንዳለ ማን ነግሯት!

በዋዜማው ቁንጫን ይዤ ዶሮ ተራ ወጣሁ። ይቅርታ እማዬ፣ ሳላስፈቅድሽ የእቴቴን አረንጓዴ ሻርፕ ከሣጥኗ አውጥቻለሁ። አጥቤ መልሼዋለሁ።

ሻጩ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ፣ ድምፁ ከዶሮዎቹ ሁሉ የሚበልጥ ሰውዬ ነው። «ሁሉም የሜዳ ናቸው የኔ ወንድም! ዛሬ ጠዋት ራሳቸው በእግራቸው ነው የመጡት!» ይላል። አንዷን አንስቼ ምንቁሯን ሳይ ቁርጥ ነው። ሁለተኛዋም እንደዚያው። እሱ «አንተ ልጅ፣ የጥርስ ሐኪም ነህ እንዴ?» ሲለኝ ዙሪያውን የቆሙት ሳቁ። ልተወውና ልሄድ ፈለግኩ። ግን ማመልከቻሽ ትዝ አለኝና ሻርፑን አውጥቼ በዶሮዎቹ አናት ላይ ወረወርኩት።

አቤት ሳቁ! ሻጩ «ዶሮ ልትገዛ ነው ወይስ ልትሞሽራት?» አለ። ቁንጫ ወገቧን ይዛ «ጭልፊት መሆኑ ነው! አንተ አርፈህ እይ!» ብላ አፏጨችበት። ካሉት ዶሮዎች ውስጥ አብዛኞቹ ቀና ብለው እንኳ አላዩም። አንዲት ገብስማ ብቻ መሬት ላይ ልጥፍ ብላ፣ አንገቷን አጣማ፣ በአንድ ዓይኗ ወደ ሰማይ አየች። እቴቴ እንደምትለው እግሯን ስገለብጥ ጥፍሯ የአባዬን አሮጌ መሮ ይመስላል። «ይቺን» አልኩ።

ሳቁ እዚያ ላይ ቆመ። ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ «እስቲ ለእኔም ወርውርልኝ» አሉኝ። ወረወርኩላቸው። ቀጥሎ ሌላ መጣ። እማዬ ሙች፣ ስድስት ሰው ዶሮ መርጫለሁ! ሻጩ የሚያደርገው ቢጠፋው «በቃ ውሰዳትና ከፊቴ ጥፋ! ሻርፕህንም ይዘህ ጥፋ!» ብሎ የጠራሁትን ዋጋ ሳይከራከር ተቀበለኝ። ዶሮዋን ታቅፌ ስመለስ ቁንጫ ከፊት ከፊት እየሄደች ለሚያልፈው ሁሉ «ብልጧ ዶሮ የኛ ናት» ትላለች።

ደስታችን ግን በራችን ላይ ቆመ። እትዬ ራዲዮ (ይህን ስም በጀርባቸው እንደምንጠራቸው አንቺም ታውቂያለሽ፣ አንቺም ትጠሪያቸዋለሽ) ከመስኮታቸው አይተው ወረዱ። ሰላም እንኳ ሳይሉ የዶሮዋን የደረት አጥንት ጫፍ በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ተጫኑት፣ ተጫኑት፣ ከዚያ በጣም አዝነው አዩኝ። «ልጄ፣ ይሄ ጫፍ እንደ ጆሮህ መታጠፍ ነበረበት። ይኸው እንደ ጠረጴዛ እግር ድርቅ ብሏል። ይቺን ዶሮ ሳላውቃት አልቀርም፤ ስዳር ሚዜዬ ነበረች።»

እቴቴ ደረቷንም ትጫን ነበር። በሻርፑ ሰክሬ ረሳሁት። ነገሩንም ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ጥላ ስታይ የምትደፋ ዶሮ ብዙ ጭልፊት ያመለጠች ናት፣ ብዙ ጭልፊት ያመለጠች ደግሞ ብዙ ዓመት የኖረች ናት። ካሉት ሁሉ ብልጧን መረጥኩ ብዬ አሮጊቷን ነው የመረጥኩት። እትዬ ራዲዮም ዜናውን ለፎቁ ሁሉ አሰራጩት። «ምሳ ሰባት ሰዓት ላይ ነው፣ ይምጡ» ብዬ የጋበዝኳቸው ደግሞ ራሴ ነኝ።

በበዓሉ ጠዋት አባዬ የሥራ ልብሱን ለብሶ ሊወጣ ሲል ዶሮዋ ጓሮ ሆና ጮኸች። ቆመ። ቢላዋውን ከመሳቢያ አወጣ፣ በድንጋይ ላይ ሁለቴ ሳለ፣ ሳይጠራ መጥቶ አረደልኝ። ብቻ ሥራ ቤቱ አልሄደም፤ ጓሮ ተቀምጦ የተሳለውን ቢላዋ እንደገና ይስላል።

የቀረው የኔ ነው። ፍል ውሃ ውስጥ ነክሬ ነጨኋት። ሆዷን ስከፍት ሐሞቷ እንዳይፈስ ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ ቁንጫም አብራኝ ትንፋሿን ይዛ ፊቷ ቀላ። አልፈሰሰም! ስቧ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ነው፤ የሜዳ ለመሆኗ ከዚህ በላይ ምስክር የለም። በሎሚና በጨው አሸሁ፣ ቆራረጥኩ፣ ሽንኩርቱን በዝግታ አቁላላሁ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ካሮት። ልክ አራት ሰዓት ላይ ድስቱን ከድኜ እሳቱን ቀነስኩ።

ወጥ ቤታችን አንቺ እንደተውሽው ነው። ረጅሙ በርጩማ ምድጃው አጠገብ፣ የአባዬ ትልቁ ነጠላ ጫማ ከሥሩ። ስምንት ወር ሙሉ ማንም አላነሳቸውም። እኔም ዙሪያቸውን እየዞርኩ ሠራሁ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሽታው ደረጃውን ወጥቶ እንግዶቹን ቀድሞ ጠራቸው። እትዬ ራዲዮ ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ቀድመው ሳህናቸውን ይዘው መጡ። ቁንጫ ማንኪያ ትመታለች። አባዬ ከጓሮ «በቃ አውጣው፣ ሰው ራበው» አለኝ። ክዳኑን ከፍቼ ሹካ ሰካሁ። ሹካው ነጠረ። ከክንፏ ትንሽ ቆርጬ ቀመስኩ፤ አኘክሁ፣ አኘክሁ። በአፌ ውስጥ ያለው ጣዕም ደግሞ አዲስ አልነበረም። ልክ የአምናው ነው።

እማዬ፣ አምና አንቺ ተረኛ ስለነበርሽ ጠረጴዛው ላይ የሆነውን አላየሽም። እቴቴ ዶሮዋን ስታቀርብ ሥጋው አልበሰለም ነበር። እኔ ጎረስኩና «ይሄ ጎማ ነው፤ አባዬ ለብስክሌቴ አስገባልኝ» አልኩ። ሁሉም ሳቀ። እሷም ሳቀች። «መንጋጋህን ስፖርት እያሠራሁልህ ነው፣ ምስጋና ቢስ» አለችኝ። እኔ ግን ቀልዱ ስለጣመኝ ሳህኔን ገፋሁት። እስከ መጨረሻው አልበላሁላትም።

ትናንት ሹካው በእጄ ሲነጥር ገባኝ። የሜዳ ዶሮ ስንት ሰዓት እንደምትፈልግ እቴቴ ሳታውቅ ቀርታ ነው? «ዶሮዋ የምትበስለው ሲበቃት ነው፣ አንተ ሲርብህ አይደለም» እያለች ያሳደገችኝ እሷ! አምናም ድስቱን የጣደችው አራት ሰዓት ላይ ነው። ያወጣችው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ያወጣችው ስለበሰለ አልነበረም። መቆም ስላቃታት ነበር።

አሁን የምጽፈውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ከመሄድሽ በፊት በነበረው ቀን ለአክስቴ፣ «የስንቱን ሰው እግር በጣቴ እየተጫንኩ እብጠት ሳይ ኖሬ የልጄን እግር አላየሁም» ስትዪያት ከበሩ ኋላ ቆሜ ሰምቼሻለሁ። አንቺ አላየሽም። እኔ ግን አይቻለሁ። አምና የበዓሉ ጠዋት ሽንኩርት ልልጥ ስገባ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እግሯ የአባዬን ጫማ ሞልቶ ጠርዙ ላይ ፈሷል። «ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት። ቀሚሷን ጎትታ ሸፈነችውና «ቆሜ ስለዋልኩ ነው። ለእማዬ እንዳትነግራት፤ ተረኛ ናት፣ ትጨነቃለች። በዓሉ ይለፍ» አለችኝ። እሺ አልኩ። በዓሉ አለፈ። እኔም ረሳሁት። እማዬ፣ ረሳሁት፤ ከዚያ አንድ ወር ሳይሞላ ወደቀች፤ አልተነሳችምም።

ይህን ሁሉ ሳስብ ድስቱ ፊት ቆሜ ሳለቅስ አባዬ በሩ ላይ መጣ። ዶሮዋ ስለጠነከረች የማለቅስ መስሎት «ተወው፣ እንደሆነች እንበላታለን» አለኝ። ያን ጊዜ አፌ ተከፈተና ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን በርጩማውን ያይ ነበር። «እኔ ነኝ የሠራሁላት» አለ። «ከበዓሉ ሳምንት በፊት ሥራ ቤት መጣች። ተቀምጬ የማበስልበት ረጅም በርጩማ ሥራልኝ አለችኝ። አንቺ ልጅ ሰነፍሽ እንዴ ብላት፣ አዎ አባዬ ሰነፍኩ ብላ ሳቀች። እኔም እየሳቅሁ ሠራሁት። እግሩን እንኳ ለክታ ነው የሰጠችኝ።»

ድስቱ ብቻ ያወራል። በመጨረሻ አባዬ ክዳኑን ከእጄ ወስዶ ራሱ ከደነውና «ስንት ሰዓት ነው የምትፈልገው?» አለኝ። «ከተጣደች ጀምሮ አራት፣ ምናልባትም በላይ» አልኩት። ወጥቶ ለእንግዶቹ «ዶሮዋ አልደረሰችም፤ የቸኮለ ዳቦ ይብላ» ሲላቸው ሰማሁ። እትዬ ራዲዮ «እኔ መቼ ቸኮልኩ!» አሉ። ተመልሶ መጥቶ እኔ አጠገብ ቆመ። ውሃ ሲያንስ ይጨምራል፣ እሳቱ ሲበረታ ይቀንሳል፣ እኔ አማስላለሁ። በርጩማው እዚያው ነበር። ሁለታችንም አልተቀመጥንበትም።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሹካውን ሰካሁ፤ እንደ ቅቤ ገባ። ታፋዋን ሳነሳ አጥንቷ በእጄ ቀርቶ ሥጋዋ ድስቱ ውስጥ ወደቀ። «አባዬ!» ብዬ ጮህኩ፤ ቤቱ ሁሉ የተቃጠልኩ መስሎት ተነሳ።

አሁን ጠረጴዛውን ልንገርሽ። መረቁ ወፍራም፣ ወርቅ የመሰለ፣ ከላይ ቢጫ ስብ እያብለጨለጨ። የእርባታ ዶሮ ቢሆን አራት ሰዓት ሳይሞላው ይሟሟ ነበር፤ ይቺ ግን ቅርጿን እንደያዘች ለስልሳ፣ ጣዕሟ እስከ አጥንቷ ዘልቆ። እትዬ ራዲዮ ጎረሱ። ሁላችንም አየናቸው። አንድም ቃል አልወጣቸውም! ቁንጫ ጆሮዬ ላይ «ተበላሹ እንዴ?» አለችኝ። ሁለተኛ ጎረሱ። ሦስተኛ። ከዚያ ቀና ብለው «ሚዜዬን እንዲህ አሳምረህ ትሸኛት?» አሉና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባዬ ስቆ አያውቅም ነበር፤ ስምንት ወር። ሳቀ። ሳቀና ሳህኑን ወደ ድስቱ ገፋው። «ጨምርልኝ» አለ። ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ «ቁንዶ በርበሬ አብዝተሃል» ብሎ አሳበበ። አላበዛሁም።

ከበላን በኋላ በእቴቴ ቦታ ላይም አንድ ሙሉ ሳህን እንዳለ አየሁ፤ ቁንጫ ሳትነግረን አስቀምጣላት ኖሯል። የአምናውን ድርሻዬን ማለት ነው ብዬ እሱንም በላሁት። አንድም አላስቀረሁላትም።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ አባዬ የአውቶቡሱን ወንበር የጠገነለት ሹፌር ነው። ከደብዳቤው ጋር ሰማያዊው ዕቃ አለ፤ ያው እቴቴ ሁልጊዜ ላንቺ ታፋውን የምታስቀምጥበት። ክዳኑ አሁንም አይገጥምም፣ አባዬ በገመድ አስሮታል። ዛሬ ጠዋት ደግሜ አፍልቼዋለሁ። በዝግታ አሙቂው፣ አትቸኩዪበት። ማመልከቻውን የምትጽፊ ከሆነም፣ እሱን ከበላሽ በኋላ ጻፊው። ሌላ ነገር አልለምንሽም።

ፈጣሪ ወገብሽን ያበርታው፣ እንቅልፍሽን ይመልስልሽ። የአክስቴንም ጉልበት ይማርልን። አባዬ ሰላም ብሎሻል፤ ይህን ስጽፍ በርጩማው አንድ እግሩ ላልቶ ነበርና ሙጫ አድርጎ፣ አጥብቆ፣ ምድጃው አጠገብ መልሶታል። «ለማን ነው?» ብዬ ስጠይቀው «ተረኛ ውሎ ለሚመጣ ሰው» አለኝ።

መጥተሽ ተቀመጪበት እማዬ። እኔ ቆሜ አበስላለሁ።

ሁለት ሰዓት ሳይሆን፣ እስኪበስል የሚቆመው
ወንድ ልጅሽ